ሁለት ሰከንድ በርቶ የሚጠፋ ሞኒተር፦ የአሮጌ ስክሪን ብልሽት እንዴት ይመረመራል?

ባለፈው ክረምት፣ በሰፈራችን የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጎረቤቴ «ስክሪኑ ሞቷል፤ ለቆራሌው ከመስጠቴ በፊት አንዴ እየው» ብላ ጠራችኝ። ሞኒተሩ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ባለ 17 ኢንች ኤልሲዲ ነው። ማብሪያው ሲጫን አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች፤ የአምራቹ አርማ ብቅ ይላል፤ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ስክሪኑ ይጨልማል፤ አረንጓዴዋ መብራት ግን እንደበራች ትቆያለች። መጋረጃውን ዘግቼ የስልኬን ባትሪ ወደ ስክሪኑ አስጠግቼ በሰያፍ ሳበራበት፣ የዊንዶውስ ምልክቶች በደብዛዛው ተደርድረው ታዩኝ። ምስሉ አለ፤ የጠፋው ምስሉን ከጀርባ የሚያበራው ብርሃን ብቻ ነው። ያ ሞኒተር ሦስት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ የቦርድ ክፍሎች) ተቀይረውለት ዛሬም እየሠራ ነው።

ሞኒተር ከውስጡ ሲታይ ውስብስብ ዕቃ አይደለም። ኃይል የሚሰጥ ቦርድ፣ ከኮምፒዩተሩ የሚመጣውን ሲግናል የሚቀበል ቦርድ፣ ምስሉን የሚሠራው የመስታወት ፓነል፣ ከፓነሉ ጀርባ ያለው ብርሃን፤ በቃ እነዚህ አራቱ ናቸው። የጥገናው ዋና ሥራ ከአራቱ የትኛው እንደደከመ፣ ከዚያም በፊት ጥፋቱ የሞኒተሩ መሆኑን ራሱን መለየት ነው። ይህን ለመለየት አብዛኛውን ጊዜ ካቻቢቴ ማንሳት እንኳ አያስፈልግም፤ ብዙ ሞኒተር ያለ ጥፋቱ የሚጣለውም ይህ ምርመራ ተዘልሎ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

የሞኒተሩ ትንሿ መብራት ጨርሶ የማትበራ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሶኬቱ ነው። በዚያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ማየት፣ ከዚያም ሞኒተሩን ከዲቫይደሩ ነቅሎ በቀጥታ ከግድግዳው መሰካት ይገባል፤ ብዙ ያገለገለ ዲቫይደር ውስጡ ስለሚላላ ስፒናው የገባ መስሎ ሳይነካ ይቀራል። የሞኒተሩ የኃይል ኬብልና ብዙ ሰው «ሲፒዩ» የሚለው ሣጥን ኬብል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ሁለቱን አለዋውጦ መሞከርም ቀላል ነው። ከጀርባቸው የራሳቸው ማብሪያና ማጥፊያ ያላቸው ሞኒተሮች አሉ፤ ጠረጴዛ ሲወለወል የተነካ ማጥፊያ ሳይታይ ሞኒተሩ ታቅፎ ጥገና ቤት ሲሄድ አይቻለሁ።

አንዳንድ ሞኒተሮች 220 ቮልቱን በቀጥታ አይወስዱም፤ እንደ ላፕቶፕ በውጭ አዳፕተር አማካይነት 12 ወይም 19 ቮልት ይቀበላሉ። እንዲህ ያለውን አዳፕተር በቴስተር ለክቶ «ደህና ነው» ማለት አያስተማምንም፤ የደከመ አዳፕተር ጭነት ሳይኖርበት ሙሉ ቮልቱን ያሳይና ሞኒተሩ ሲሰካበት ይወርዳል። ትክክለኛው ሙከራ በሌላ አዳፕተር መተካት ሲሆን፣ ቮልቱ ያው፣ አምፔሩ እኩል ወይም የሚበልጥ፣ በላዩ የተሳለው የፕላስና የማይነስ አቀማመጥም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

መብራቷ በርታ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ከሁሉ የምመርጠው ሙከራ አለ። ሞኒተሩ ከኤሌክትሪክ ሳይነቀል የሲግናል ኬብሉን ብቻ ከኮምፒዩተሩ መንቀልና ማብሪያውን አጥፍቶ ማብራት ነው። ደህና ሞኒተር በዚህ ጊዜ ሲግናል እንደሌለ ወይም ኬብሉ መታየት እንዳለበት የሚናገር አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያወጣል፤ አንዳንዱ ይህን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አሳይቶ ስለሚተኛ ዓይንን ከስክሪኑ ላይ አለማንሳት ያስፈልጋል። ጽሑፉ ጥርት ብሎ ከታየና ካልጨለመ ፓነሉም፣ ብርሃኑም፣ የኃይል ቦርዱም እየሠሩ ስለሆነ ችግሩን በኬብሉና በኮምፒዩተሩ ላይ መፈለግ ነው።

ምስሉ ጠፍቶ ሳይሆን ተበላሽቶ ከሆነ፣ ማለትም ከተንቀጠቀጠ፣ ቀለሙ ከተዛባ ወይም መስመር ከወጣበት፣ ያንኑ ጥያቄ የሚመልሰው የሞኒተሩ የራሱ ሜኑ ነው። በቁልፎቹ ሜኑውን ከፍቶ መመልከት ነው። ሜኑውን የሚሠራው ኮምፒዩተሩ ሳይሆን ሞኒተሩ ስለሆነ፣ ከኋላው ያለው ምስል ተበላሽቶ ሜኑው ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ ከውጭ የመጣ ነው፤ ሜኑውም አብሮ ከተንቀጠቀጠ ወይም ያው መስመር በላዩ ካለፈ ጥፋቱ ከውስጥ ነው።

በኮምፒዩተሩ በኩል የሚታየው ብዙ አይደለም። ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ስንጫን መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ኮምፒዩተሩ ተነሥቷል፤ ካልሆነ ነገሩ የሞኒተር ሳይሆን የራም ወይም የማዘርቦርድ ይሆናል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ኬብሉ በስሕተት ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጭኖ በአጋጣሚ «ሁለተኛው ስክሪን ብቻ» የሚለው ተመርጦ ከሆነም ምስሉ ወደሌለ ስክሪን ይሄዳል።

ሞኒተሩ የተላከው ሲግናል ከአቅሙ ውጭ እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ካወጣ ደግሞ በፍጹም አልተበላሸም። ኮምፒዩተሩ፣ ሞኒተሩ የማይችለውን ሬዞሉሽን (የምስሉን ነጥቦች ብዛት) ወይም ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበትን ቁጥር) ልኮበታል። ወደ ካሬ የሚጠጉት ባለ 17 እና ባለ 19 ኢንች አሮጌ ኤልሲዲዎች ተፈጥሯዊ ልካቸው በአብዛኛው 1280 በ1024፣ በ60 ኸርዝ ነው። ኮምፒዩተሩን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ወይም ለጊዜው ሌላ ሞኒተር ሰክቶ ወደዚህ መመለስ ይበቃል። ፊደሎች የደበዘዙበትና ዓይን የሚያደክም ስክሪንም ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ በተጨማሪም በቪጂኤ የተሰካ ከሆነ «አውቶ» የሚለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ መጫን ምስሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ኬብሉ

ቪጂኤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1987 በአይቢኤም የተዋወቀ አሮጌ መሰኪያ ሲሆን፣ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 ቀዳዳዎች አሉት። ሦስቱ መሠረታዊ ቀለሞች ለየብቻቸው በየራሳቸው ፒን ስለሚያልፉ፣ ከቀለሙ አኳኋን ብቻ የትኛው ፒን እንዳልነካ ማወቅ ይቻላል። ቀይ ከተቋረጠ ነጩ ገጽ ወደ ውሃ ሰማያዊ ይለወጣል፤ አረንጓዴ ከተቋረጠ ሐምራዊ መሰል ሮዝ ይሆናል፤ ሰማያዊ ከተቋረጠ ቢጫ ይሆናል። በመሰኪያው ፊት ለፊት ሲታይ ከላይኛው ረድፍ ጫፍ የሚጀምሩት 1፣ 2 እና 3 ቁጥር ፒኖች በቅደም ተከተል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ናቸው። የተጣመመ ፒን ካለ በቀጭን ፒንሳ በዝግታ፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ጥቂት በጥቂት ማቅናት ነው። ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ፒን የጎደለ ቢመስል ግን አያስደንግጥ፤ ብዙ ኬብሎች 9 ቁጥር ፒን ሳይኖራቸው ከፋብሪካ ይወጣሉ።

ኬብሉን ይዞ መጠነኛ ማወዛወዝ ሲደረግ ቀለሙ የሚሄድና የሚመጣ ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በጎንና በጎን ያሉትን ሁለት ብሎኖች በእጅ ማጥበቅ ብቻ ስንቱን «የተበላሸ» ሞኒተር እንዳዳነ ብናገር የሚያምነኝ የለም።

አዲስ ኮምፒዩተር ገዝተው አሮጌውን ሞኒተር ማስቀጠል የሚፈልጉ ሰዎች የሚወድቁበት አንድ ጉድጓድም አለ። ኤችዲኤምአይ ዲጂታል፣ ቪጂኤ ደግሞ አናሎግ ስለሆኑ፣ ውስጡ መለወጫ ሰርኪዩት የሌለው ተራ ኬብል ሁለቱን ሊያገናኝ አይችልም። ጫፎቹ ልክ ቢገቡም ምስል አይመጣም፤ የሚያስፈልገው ኮንቨርተር ነው።

ብርሃኑ ሲጠፋ

ከላይ የጠቀስኩት የባትሪ ሙከራ የአሮጌ ኤልሲዲ ምርመራ ሁሉ ዋናው ነው። ክፍሉ ጨለም ተደርጎ፣ ሞኒተሩ በርቶ ኮምፒዩተሩም ምስል እየላከ፣ ብርሃኑ በሰያፍ በቅርብ ሲያርፍበት ደብዛዛ ምስል ከታየ ፓነሉ በሕይወት አለ። የደከመው ወይ የጀርባው ብርሃን ነው፣ ወይ ለብርሃኑ ኃይል የሚልከው ክፍል ነው።

ኤልኢዲ ከመለመዱ በፊት የተሠሩት ሞኒተሮች ከፓነሉ ጀርባ ያላቸው፣ በቢሮ ጣሪያ ላይ የምናውቀው የሸምበቆ መብራት ታናሽ ወንድም፣ ከእርሳስ የቀጠነ ፍሎረሰንት ቱቦ ነው። ይህን ቱቦ ለማስነሣት ኢንቨርተር የሚባለው ክፍል ለቅጽበት ከ1,000 ቮልት በላይ ያመነጫል። ኢንቨርተሩ ጥበቃ ስላለው አንዱ ቱቦ ደክሞ የሚወስደው ኃይል ከሌሎቹ ከተለየ፣ ወይም ከኃይል ቦርዱ የሚመጣለት ቮልት ከወረደ፣ በአንድና በሁለት ሰከንድ ውስጥ ሁሉንም ያጠፋል። የጎረቤቴ ሞኒተር አጥፍተው ባበሩት ቁጥር ያንኑ ሁለት ሰከንድ የሚሰጠው ለዚህ ነበር።

ታዲያ ቱቦው ነው ወይስ የኃይል ቦርዱ? ቱቦ ሲያረጅ በቀለሙ ይናገራል። ሲበራ ቀላ ያለ ወይም ሮዝ መልክ ያሳያል፤ ዳር ዳሩ ይጨልማል፤ ለወራት ሲደበዝዝ ይቆያል። እንዲህ ያሉ ቱቦዎች ብርሃናቸው በግማሽ እስኪቀንስ በተለምዶ ከ30,000 እስከ 50,000 ሰዓት ይባልላቸዋል፤ በቀን 8 ሰዓት በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ቢሮ ይህ ከ12 እስከ 20 ዓመት ገደማ ነው። የኃይል ቦርድ ድካም ምልክቱ ሌላ ነው። ጠዋት ጠዋት ለመነሣት የሚያስቸግር፣ አሥር ጊዜ ሲበራና ሲጠፋ ቆይቶ ከሞቀ በኋላ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ፣ የሚነሣበትም ጊዜ ከሳምንት ሳምንት እየረዘመ የሚሄድ ሞኒተር፣ ወይም ትንሿ መብራት በእኩል ምት ብልጭ ብልጭ እያለች የማይነሣ ሞኒተር፣ ካፓሲተሮቹ እንደደከሙ ሳይከፈት መናገር ይቻላል። የደከመ ካፓሲተር ሲሞቅ ስለሚሻለው ነው።

ሽፋኑን ከመክፈት በፊት

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ ብየዳ ለሚችልና ቴስተር ለለመደ ሰው ነው። የ220 ቮልት ኤሌክትሪክ ወደ ሞኒተሩ ከገባ በኋላ ወደ 310 ቮልት ዲሲ ተለውጦ በአንድ ትልቅ ካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ስፒናው ተነቅሎም ቢሆን ይህ ክምችት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ማብሪያውን ጥቂት ጊዜ ተጭኖ፣ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ጠብቆ፣ ሽፋኑ ሲከፈት ሌላ ምንም ሳይነካ በዚያ ትልቅ ካፓሲተር (በላዩ 400 ወይም 450 ቮልት የሚል ተጽፎበታል) ሁለት እግሮች ላይ በቴስተር የዲሲ ቮልት መለካት ግዴታ ነው። ንባቡ ጥቂት ቮልት ብቻ ከሆነ መቀጠል ይቻላል። አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ በ2 ኪሎ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር፣ እጀታው በተሸፈነ ፒንሳ ተይዞ ለጥቂት ሰከንድ ማፍሰስና እንደገና መለካት ነው። ሁለቱን እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ አገናኝቶ «ማፈንዳት» በየጥገና ቤቱ ይታያል፤ ቦርዱንም ዓይንንም ለአደጋ የሚያጋልጥ መጥፎ ልማድ ነው።

ስክሪኑ በፎጣ ላይ በፊቱ ተደፍቶ የመቆሚያው ብሎኖች ይፈታሉ። ከዚያ በኋላ ዙሪያውን የያዘው የፕላስቲክ ጥርስ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ለዚህ ከካቻቢቴ ይሻላል፣ ጠርዙን አያቆስልምና። የፊት ክፈፉ ሲላቀቅ ከቁልፎቹ የሚመጣ ቀጭን ሪባን ስለሚኖር በኃይል መሳብ አይገባም። ከጎን ገብተው ወደ ቱቦዎቹ የሚሄዱት ሁለት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይነቀላሉ፤ ከዚያ ቦርዶቹን የሸፈነው የብረት ክዳን ይነሣል። በየደረጃው በስልክ ፎቶ ማንሳት ሲዘጋ የሚመጣውን ጭንቀት ያስቀራል።

ያበጡት ካፓሲተሮች

የጎረቤቴን ሞኒተር ስከፍት ማንም ሊያየው የሚችል ነገር ነበር የጠበቀኝ። ከአሉሚኒየሙ ማቀዝቀዣ አጠገብ ተደርድረው ከቆሙት አምስት ካፓሲተሮች ሦስቱ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ እንደ እንጀራ ምጣድ አክምባሎ ወደ ላይ ጎብጧል፤ አንደኛው በአናቱ ላይ ባለው የመስቀል ቅርጽ ስንጥቅ ቡናማ ፈሳሽ አውጥቶ ደርቋል። ሁለቱ 1000 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት፣ አንዱ 470 ማይክሮፋራድ 25 ቮልት ነበሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተሠሩ ብዙ ሞኒተሮችና ማዘርቦርዶች በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ቅመሙ ጉድለት በነበረበት ካፓሲተር ምክንያት ያለ ዕድሜያቸው ተበላሽተዋል፤ ነገር ግን ጥሩ ካፓሲተር እንኳ ሙቀት ይገድለዋል። በተለመደው ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜው በእጥፍ ያድጋል፦ በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የተባለለት ካፓሲተር በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ያህል ይኖራል። ሞኒተር ላይ ዳንቴል ጣል ማድረግ የሚወዱ ሰዎች የሚሸፍኑት የአየር መተላለፊያውን መሆኑን ቢያስቡበት መልካም ነው።

አናቱ ያላበጠ ካፓሲተርም ደክሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ከመቀየር ጋር ከተያያዝን በዝቅተኛው ቮልት በኩል ያሉትን ሁሉ አንድ ላይ መቀየር ይሻላል። አዲሱ በማይክሮፋራድ እኩል፣ በቮልት እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ 105 ዲግሪ የሚችል፣ ሻጩ ካወቀው ደግሞ ዝቅተኛ ኢኤስአር (የውስጥ መቋቋም) ያለው መሆን አለበት፤ ከፍታውና ውፍረቱም ክዳኑን የሚያስዘጋ መሆኑን አሮጌውን ይዞ ሄዶ ማስተያየት ያስፈልጋል። ከሌላ አሮጌ ቦርድ የተነቀለ ካፓሲተር መትከል የተበደሩትን ዕድሜ መልሶ መበደር ነው፤ እኔ አላደርገውም።

ካፓሲተሩ ጎኑ ላይ ያለው ረጅም ሰንበር የማይነስን እግር ያሳያል። በቦርዱ ላይ ያለው ምልክት ግን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ አሮጌው ሳይነቀል ሰንበሩ ወደየት እንደዞረ ፎቶ ማንሳት ወይም በእስክሪብቶ ማመልከት ግድ ነው። ተገልብጦ የተተከለ ካፓሲተር ይፈነዳል። ብየዳው ከ40 እስከ 60 ዋት ባለው መበየጃ ይበቃል፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ በመትከል ሳይሆን በመንቀል ላይ ነው፤ ሊዱ ሳይቀልጥ እግሩን መሳብ ከቦርዱ ላይ የመዳብ ቀለበቱን ይዞ ይወጣል። በአሮጌው ብየዳ ላይ ጥቂት አዲስ ሊድ መጨመር መቅለጡን ያፋጥናል።

በዚሁ አጋጣሚ ፊውዙን ማየት ነው። ውስጡ ጠቁሮ የተቃጠለ ፊውዝ ዝም ብሎ አይቃጠልም፤ ከኋላው ሾርት የሆነ ነገር አለ፣ ብዙውን ጊዜም ዳዮድ ወይም ትራንዚስተር ነው። በልኩ ተተክቶ ድጋሚ ከተቃጠለ ሥራው ለባለሙያ የሚተላለፍበት ቦታ እዚህ ነው። በሽቦ ወይም በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ ማስኬድ ቤት ያቃጥላል። ከጥገና በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖል ከሞኒተሩ ጋር በሲሪ (ኤሌክትሪኩ በአምፖሉ አልፎ ወደ ሞኒተሩ እንዲደርስ) አገናኝቶ መሞከር የጥንቃቄ ዘዴ ነው፤ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም፣ በሙሉ ብርሃን ከቆየ ግን ውስጡ ሾርት አለ።

የማይደከምባቸው

ከላይ እስከ ታች የወረደ፣ ቀለሙ የማይለወጥ ቀጭን መስመር፣ በሜኑው ላይም የሚያልፍ ከሆነ፣ የፓነሉ ጠርዝ ላይ የተጣበቀው ሪባን ተላቅቋል። ክፈፉን ጫን ሲሉት መስመሩ ሊጠፋ ይችላል፤ ይህ ግን ጥገና አይደለም። የተሰነጠቀ ፓነልም እንዲሁ ነው፤ አዲሱ ፓነል ከሞኒተሩ ይወደዳል። ቱቦ መቀየር ይቻላል፤ ሆኖም በቀላሉ የሚሰበርና ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ ያለው ስለሆነ፣ ተስማሚው በእጅ ከሌለ ባይጀመር ይሻላል። የተሰበረውን በባዶ እጅ አለመንካትና ክፍሉን ማናፈስ ያስፈልጋል።

ከኋላው እንደ ድሮ ቴሌቪዥን የወጣ ከባድ ሞኒተር ከሆነ ሽፋኑ አይከፈት። በውስጡ ያለው የመስታወት ቱቦ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚሠራበት ሲሆን ተነቅሎ ከቆየ በኋላም ክምችቱን ሊይዝ ይችላል። ጥግ ጥጉ ላይ የቀለም ዝብርቅ ካለበት ከአጠገቡ ስፒከሩን ማራቅና በሜኑው ውስጥ «ዲጋውስ» የሚለውን (የቱቦውን ማግኔትነት የሚያጠፋውን) መጫን ከውጭ ሊደረግለት የሚችለው ሁሉ ነው።

የተጠገነው ሞኒተር ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ሙሉ ነጭ ገጽ ተከፍቶበት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ በማግስቱም ጠዋት ቀዝቃዛ እንደሆነ ይፈተን፣ የካፓሲተር ድካም የሚታየው ያኔ ነውና። መብራት በሄደ ጊዜ ስፒናውን መንቀልና ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ በኋላ መሰካት አዲሶቹን ካፓሲተሮች ከመጀመሪያው ምት ያድናቸዋል። በጎረቤቴ ሞኒተር ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስተር ቁራጭ የተቀየሩትን ካፓሲተሮች ልክና ቀኑን ጽፌ ለጥፌበታለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚከፍተው ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።